የእጅ ፓምፕ፣ ዲፕ ሜትርና ሌሎችም፦ ለፋብሪካ የክትትል ጉድጓድ የትኛው ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል?

ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የሚቆፈር የክትትል ጉድጓድ ሰው ሊያጠጣ አይደለም። ከቆዳ ማልፊያው፣ ከነዳጅ ታንከሩ ወይም ከጨርቅ ማቅለሚያው ሥር ምን እየሰረገ እንደሆነና ውሃው ወዴት እንደሚያመራ ሊናገር ነው። ቁም ነገሩ ብዙ ውሃ ማውጣት ሳይሆን ከመሬቱ የመጣውን ውሃ እንዳለ ማግኘት ነው። ለዚህ ነው የመጠጥ ውሃ ቁፋሮ ላይ የተመሰገነ ዕቃ እዚህ ሲመጣ ጉድ የሚሠራው።

ግምገማው የአቃቂ ቃሊቲን ዓይነት መሬት ታሳቢ ያደርጋል፦ ከላይ ዋልካ፣ ከሥር የተሰነጣጠቀ ባዛልትና ቀይ አሽ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ። ፋብሪካዎቹና አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ የሆነው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ በአንድ አካባቢ ስለሆኑ እዚያ ያለ የክትትል ጉድጓድ በቀልድ የሚያዝ አይደለም። የምናወራው ስለ ባለ 2 ኢንች ፒቪሲ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ኬዚንግ፣ ውሃ የሚያስገባው ስንጥቅ ያለው ክፍሉ ደግሞ ስክሪን ይባላል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ገንዘባችሁን ጥሩ ዲፕ ሜትር (ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ የሚለካ ቴፕ) ላይ አውሉ። ከቁፋሮ በኋላ ጉድጓዱን ከጭቃ ለማጠብ ዋተራ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ ከነሰርጅ ብሎኩ (ውሃውን ከሚያናውጠው ቀለበት ጋር) ግዙ። ውዱን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተከራዩ፣ ካልሆነም ተውት። ኮምፕሬሰሩን ግን ከግቢው በር አታሳልፉት።

ዋተራ ዲ-25 ከነሰርጅ ብሎኩ

ሲያዩት የሚናቅ ዕቃ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ፉት ቫልቭ፣ በውጭ ልኩ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቱቦ፣ አለቀ። ቫልቩ በቱቦው ጫፍ ላይ በእጅ ይጠመዘዛል፤ ሙጫም ክላምፕም አይፈልግም። ቱቦው ወደ ታች ሲገፋ ቫልቩ ይከፈትና ውሃ ይገባል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይዘጋና የገባው ውሃ አብሮ ይወጣል። ምቱ ሲደጋገም ውሃው በራሱ ግፊት እየወጣ ከላይ ይፈሳል። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው፣ የሚቃጠል ነገር የለው።

ዋናው ነገር ግን በቫልቩ ላይ የሚጠለቀው የፕላስቲክ ቀለበት፣ ሰርጅ ብሎኩ ነው። የባለ 2 ኢንቹን ኬዚንግ ውስጥ ሊሞላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚቀረው ቱቦው ሲወርድ ውሃውን በስክሪኑ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሲወጣ መልሶ ይስባል። ጉድጓድን የሚያጥበው ይህ ወዲያና ወዲህ ነው። ሲቆፈር መሰርሰሪያው ዋልካውን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ ሊጥ ይለጥፈዋል። ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳብን ብንውል በስክሪኑ ዙሪያ የተሞላው አሸዋ ቅንጣቶች በስክሪኑ ስንጥቅ ፊት ተደጋግፈው ይቆሙና ደቃቁን ከኋላቸው ያግዱታል። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው የጠራ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ወር ናሙና ሊወሰድ ሲነካካ እንደገና ቡና ይሆናል። ሰርጁ ያንን መደጋገፍ ያፈርሰዋል። ዋተራ ከሌላው ሰርጅ ብሎክ የሚበልጠው ደግሞ እያናወጠ አብሮ ስለሚቀዳ ነው፤ የተነቀለው ጭቃ ተመልሶ ሳይተኛ ይወጣል።

አጠቃቀሙ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። ጉድጓዱን ከላይ የሚያሽገው ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) እና ሲሚንቶ ከገባ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ይጠበቅ። ሳይጠነክር ከተናወጠ ወደ ስክሪኑ ይሳባል፤ ሲሚንቶ የገባበት ጉድጓድ ደግሞ ፒኤቹ ከ10 በላይ ወጥቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ያኔ ጉድጓዱን እንደሞተ ቁጠሩት። ቀጥሎ ጥልቀቱን ለክታችሁ በቁፋሮ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ከሥር የተኛው ደለል ነው። ደለሉን ያለ ሰርጅ ብሎክ፣ በባዶ ቫልቭ፣ ወለሉን እየነካካችሁ አውጡት። ቀለበቱን ጭቃ ውስጥ ከነከራችሁት እዚያው ይነከሳል፣ ቱቦውም ሊበጠስ ይችላል።

ከዚያ ቀለበቱን አጥልቁና ከስክሪኑ አናት ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች አጭርና ዝግ ያሉ ይሁኑ፤ ስክሪኑ በዋልካ ተደፍኖ ከሆነ ኃይለኛ ስበት ፒቪሲውን ወደ ውስጥ ሊያደቀው ይችላል። ውሃው መምጣት ሲጀምር ምቱን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ አስረዝሙና በየሜትሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እየሠራችሁ ውረዱ። ከታች ወደ ላይ መሥራት ስህተት ነው፤ ከላይ የሚረግፈው አሸዋ በቀለበቱ አናት ላይ ይከመርና ያስረዋል። ታች ስትደርሱ ደለሉን አውጥታችሁ ዙሩን ድገሙት።

ስንት ውሃ ይውጣ? ብዙ ሰው የሚያሰላው ኬዚንጉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። 24 ሜትር ጥልቀት ያለውና ውሃው 9.40 ሜትር ላይ የቆመ ጉድጓድ እንውሰድ። የውሃው ቁመት 14.60 ሜትር ነው፤ የስኬጁል 40 (የቱቦ ግድግዳ ውፍረት ደረጃ) ባለ 2 ኢንች ፒቪሲ የውስጥ ልክ 52.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሜትር 2.16 ሊትር ይይዛል፣ ጠቅላላው 31.5 ሊትር ይሆናል። ጉድጓዱ በ150 ሚሊ ሜትር ተቆፍሮ በኬዚንጉ ዙሪያ 8 ሜትር አሸዋ ከተሞላበትና ከአሸዋው 30 በመቶው ክፍተት ከሆነ ደግሞ በሜትር 4.4 ሊትር ገደማ፣ በጠቅላላው ከ35 ሊትር በላይ እዚያ አለ። ከኬዚንጉ ይበልጣል! አንድ ዙር ማለት እንግዲህ 67 ሊትር ነው፤ 5 ዙር 335 ሊትር። በቁፋሮ ጊዜ ውሃ ከተጨመረ እና ወደ መሬቱ ከጠፋ የጠፋው መጠን በላዩ ይታከላል። በደቂቃ 4 ሊትር ቢወጣ 84 ደቂቃ የማያቋርጥ የክንድ ሥራ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ውሃውም የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ በ200 ሊትር በርሜል ተይዞ ይቆያል፤ ሁለት ባዶ በርሜል አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፣ አለዚያም ወደ ቦይ ይደፋና ጣጣ ይመጣል።

እንከኑስ? አንደኛ፣ ቱቦው ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ጥቅልሉን አይረሳም። እንደተጠቀለለ ከገባ የኬዚንጉን ግድግዳ እየታከከ ግማሹን ጉልበት ይበላል። ቀድሞ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማቃናት ይረዳል፤ መሬት ላይ ሳይሆን ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ። ሁለተኛ፣ ውሃው ከ30 ሜትር በላይ ከራቀ በእጅ መሥራት ቅጣት ነው፤ ለዚያ የሞተር ማንቀሳቀሻ አለው። ሦስተኛ፣ ባለ 4 ኢንች ጉድጓድ ውስጥ ቱቦው እየተለመጠ ምቱ ታች ሳይደርስ ይቀራል። አራተኛ፣ ጠጠር ቫልቩ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ድንገት ያቆማል፤ አውጥቶ ማራገፍ እንጂ መታገል ዋጋ የለውም። ቱቦው ለየጉድጓዱ የተለየ ይሁን። ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር ብክለትን በእጅ መሸከም ነው።

ስለ ኮምፕሬሰር

የቁፋሮ ቡድን ሲመጣ ኤር ሊፍት (ውሃን በአየር ነፍቶ ማውጣት) የመጀመሪያ ሐሳቡ ነው፤ መኪናው ላይ የተጫነ ኮምፕሬሰር አለ፣ ይነፋል፣ ውሃው ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ለመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ጥሩ ነው። ለክትትል ጉድጓድ ሦስት ችግር አለው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት በጭጋግ መልክ ከአየሩ ጋር ይገባል፤ ነዳጅ ልትፈልጉበት የቆፈራችሁት ጉድጓድ ውስጥ ራሳችሁ ነዳጅ ጨመራችሁ ማለት ነው። አየሩ በቀላሉ የሚተኑትን ኬሚካሎች ያባርራል፣ የኦክስጅኑንም ሁኔታ ይለውጣል። ሦስተኛው፣ ኤር ሊፍት በደንብ የሚሠራው የአየር ቱቦው ጥሩ አድርጎ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው፤ አጭር የክትትል ጉድጓድ ውስጥ ያ ቁመት አይገኝም፣ ስለዚህ አየሩ ይተፋል እንጂ አያነሳም። የሚረጨው የተበከለ ውሃ ሠራተኛው ፊት ላይ መሆኑን ሳንቆጥር።

ጭቃ ይበትናል ተብሎ የሚጨመረውን ፎስፌትም እዚሁ ላይ እናውግዝ። ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። እዚህ ሥራ ላይ ከመሬቱ ውሃ በቀር ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ነገር መኖር የለበትም።

ግሩንድፎስ ሬዲ-ፍሎ2

ጥሩ ፓምፕ ነው፣ ለሌላ ሥራ። ውፍረቱ 46 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በባለ 2 ኢንች ኬዚንግ ውስጥ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይተርፈዋል፤ ኬዚንጉ ትንሽ ከተጣመመ አይገባም። ፍጥነቱ በመቆጣጠሪያው እስከ 400 ኸርዝ ድረስ ስለሚስተካከል በዝግታ ናሙና ለመውሰድ እጅግ ይመቻል። ያልታጠበ ጉድጓድ ውስጥ ግን አሸዋና ደለል እየፈጨ የሚሽከረከሩትን ክፍሎቹን ይበላል። ጄኔሬተርም ይፈልጋል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ጄኔሬተር ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ስለዚህ ካታሎጉ ላይ "ይበቃል" የተባለው አይበቃም። ለአራትና አምስት ጉድጓድ መግዛት ትርፉ አይታየንም።

ከላይ ሆነው የሚስቡ ትናንሽ ፓምፖችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በ2,100 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ይህም በቲዎሪ 8 ሜትር ውሃ ብቻ ይስባል፤ በተግባር ከ5 ወይም 6 ሜትር ካለፈ አትድከሙ። ባሕር ዳርቻ ላይ በተጻፈ ማንዋል አትታለሉ።

ቤይለር (በገመድ የሚወርድ ቱቦ መሰል መቅጃ) የሚጣል ናሙና መውሰጃ ነው። ለማጠቢያ ሲያገለግል ከማየት ውሃውን በማንኪያ መቅዳት ይሻላል።

ሃክ 2100ኪው የድፍርስነት መለኪያ

ጉድጓዱ ታጠበ የሚባለው በዓይን አይደለም። የተለመደው ግብ ከ10 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ነው፤ ከዚያ ጋር በተከታታይ ሦስት ልኬቶች ፒኤች ከ0.1 ሳይዘል፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት መጠን) ከ3 በመቶ በላይ ሳይለዋወጥ መቆም አለበት። ይህ ለወግ የሚደረግ አይደለም። ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮሚየም በአብዛኛው ክሮሚየም ሦስት (III) የሚባለው ዓይነት ነውና የሸክላ ቅንጣት ላይ ይጣበቃል። ድፍርስ ናሙና አሲድ ተጨምሮበት ላብራቶሪ ሲገባ ከቅንጣቱ የሚላቀቀው ክሮሚየም ሁሉ "የውሃው" ሆኖ ይመዘገባል። ፋብሪካው ያላደረሰው ብክለት በወረቀት ላይ ይወጣል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛው ቁጥር በክርክር ይቀበራል።

መሣሪያው እስከ 1,000 ኤንቲዩ ይለካል፣ በትንንሽ (ኤኤ) የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፣ የመመዘኛ ፈሳሾቹም 20፣ 100 እና 800 ኤንቲዩ ናቸው። የሚያሳስተው መሣሪያው ሳይሆን ብልቃጡ ነው። የጣት አሻራ፣ ጭረት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት ከውጭ የሚያልበው ጤዛ፣ የአየር አረፋ፣ እያንዳንዱ ቁጥሩን ይጨምራል። 14 ያሳየ ናሙና ብልቃጡ በለስላሳ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ 8 ቢሆን አይግረማችሁ። ዋልካው በበዛበት ጉድጓድ ከ10 በታች ላይወርድ ይችላል፤ ያኔ ሦስት ተከታታይ ልኬቶች በ10 በመቶ ውስጥ ከቆሙ ይበቃል፣ ምክንያቱ ግን መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

የኦክስጅን መለኪያም ይዛችሁ ከሆነ በአካባቢው የአየር ግፊት አስተካክሉት። በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ወለል ላይ አየር የጠገበ ውሃ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ይይዛል፤ በ2,100 ሜትር ግን 7 ገደማ ብቻ።

ሶሊንስት 101 ዲፕ ሜትር

የሚያስቆጥብ ዕቃ እዚህ ላይ አትፈልጉ። ጠፍጣፋው የፒ7 ቴፕ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ነው፣ ምልክቱ በሌዘር ስለታተመ አይለቅም፣ ሁለቱ ጠርዞቹም ወፈር ስለሚሉ ቴፑ ከረጠበው ኬዚንግ ጋር አይጣበቅም። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል። ርካሾቹ ላይ ክብ ገመዱ ይለጠጣል፣ ቁጥሩ ይለቃል፣ ከተበጠሰ በኋላ የተቀጠለ ከሆነ ደግሞ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጠፋ የሚያውቀው የቀጠለው ሰው ብቻ ነው።

በተሰነጣጠቀ ባዛልት ውስጥ ውሃ ከላይ ባለ ስንጥቅ እየተንጠባጠበ ጫፉን ያረጥባል፤ መሣሪያው ውሃው ወለል ሳይደርስ ይጮኻል። የስሜት ማስተካከያውን ቁልፍ ቀንሱና ድምፁ ጥርት ብሎ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ። ክዳኑ እንደተከፈተ ወዲያው አይለካም፤ የታፈነው አየር እስኪወጣና ውሃው ቦታውን እስኪይዝ ይጠበቃል። የግቢው ጉድጓዶች ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው እየሄዱ ይለኩ፣ በመካከል ቴፑ ፎስፌት በሌለው ሳሙናና በተጣራ ውሃ ይታጠብ። የቴፑ ጎን በኬዚንጉ ሹል ጠርዝ ላይ እንዳይታረድ አብሮ የሚመጣውን መምሪያ ፕላስቲክ አትጣሉት።

የጉድጓዱን ጥልቀት በዚሁ ስትለኩ ዜሮው የዳሳሹ ነጥብ ይሁን የጫፉ አረጋግጡ፤ በሁለቱ መካከል ርቀት ካለ ይደመራል።

መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከየት እንደሚለካ ካልታወቀ ሚሊ ሜትሩ ከንቱ ነው። ኬዚንጉ ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ በሰሜን በኩል አንድ ነጥብ ይፈገፈግና ሁልጊዜ ከዚያው ይለካ። የኛ ሀገር ዋልካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የኮንክሪት መደቡን ያነሳዋል፣ መከላከያ ብረቱን ያዘነብለዋል፣ ኬዚንጉ ከመደቡ ጋር ከተያያዘ እሱንም ይዞት ይነሳል። በታኅሣሥ የተቀየሰ ከፍታ በነሐሴ እውነት ላይሆን ይችላል። ጉድጓዶቹ 80 ሜትር ተራርቀው የውሃው ቁልቁለት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነበት ግቢ ይህ የፍሰቱን አቅጣጫ ይገለብጣል። ቅየሳው ቢያንስ ከክረምት በፊትና በኋላ ይደገም።

ሶሊንስት 122፣ ነዳጅ ላለበት

የነዳጅ ማከማቻ ግቢ ውስጥ 101ን አትጠቀሙ። ዘይት ዳሳሹን ሸፍኖ ያሳስተዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ እንዲያገለግልም የተሠራ አይደለም። 122 ሁለቱን ይለያል፦ ነዳጅ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይቋረጥ ይጮኻል፣ ውሃ ላይ ሲደርስ እየተቆራረጠ። ከመውረዱ በፊት የመሬት ማያያዣ ሽቦው ከብረቱ ጋር ይያያዝ። የነዳጁ አናት ሲወርድ በመጀመሪያው ንክኪ ይነበባል፤ የነዳጁና የውሃው ድንበር ግን ወደ ታች አልፎ ቀስ ብሎ ሲመለስ ይነበባል፣ አለዚያ በዳሳሹ ላይ የተለጠፈው ነዳጅ ቁጥሩን ያዘገየዋል።

ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድም። እንበል የኬዚንጉ አናት 2,085.420 ሜትር ነው፣ ናፍጣው 8.312 ሜትር ላይ፣ ውሃው 8.564 ሜትር ላይ ተነበበ። ናፍጣው 0.252 ሜትር ወፍሯል፣ ውሃውንም ተጭኖ አውርዶታል። ውፍረቱ በናፍጣው እፍጋት፣ በ0.84፣ ተባዝቶ 0.212 ይሆናል፤ ይህ ከውሃው ንባብ ሲቀነስ የተስተካከለው ጥልቀት 8.352፣ ከፍታውም 2,077.068 ሜትር ነው። ሳይስተካከል ቢወሰድ 2,076.856 ይሆን ነበር። 21 ሴንቲ ሜትር ስህተት ካርታው ላይ የሌለ ጉድጓዳ ቦታ ይስላል፣ ሁሉም ፍሰት ወደዚያ የሚሄድ ይመስላል። በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው ውፍረትም መሬቱ ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ አይረሳ፤ 25 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ በግቢው ስፋት ተባዝቶ "ይህን ያህል በርሜል ነዳጅ አለ" የሚል ሪፖርት ካያችሁ አትመኑት።

ዋጋው ከ101 በጣም ይበልጣል። ነዳጅ የሌለበት ፋብሪካ አያስፈልገውም፤ ያለበት ደግሞ ምትክ የለውም።

ጉድጓድ ውስጥ የሚቀሩ የግፊት መመዝገቢያዎች ለረጅም ክትትል ያገለግላሉ፣ ሆኖም ከላይ የአየር ግፊቱን የሚመዘግብ ሁለተኛ መሣሪያ ከሌለ የአየሩ ለውጥ እንደ ውሃ ለውጥ ሆኖ ይነበባል። ሲተከሉም ሲነሱም በዲፕ ሜትር መፈተሽ አይቀርም።

ዲፕ ሜትሩ ራሱ በዓመት አንድ ጊዜ ከብረት ቴፕ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይነጻጸር፤ ልዩነቱ በጥቅልሉ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። መለዋወጫ የ9 ቮልት ባትሪ በሻንጣው ውስጥ ይኑር፤ ሱቅ ላይ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሳይጀመር የደከመ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት በመሣሪያው መሞከሪያ ቁልፍ ፈትሹት።